ዛግራ ትንፋሽ ያጠራት ለት

ልጆቼ ገና «አሥመራ ሳለሁ» ብዬ አፌን ስከፍት «ዶሮዋ መጣች!» ብለው ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ስንት ጊዜ ሰምተውታል። እናንተ ግን አልሰማችሁትምና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ያሳፈረኝንም ሳልደብቅ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ጌታሁንን አግብቼ ከደብረ ታቦር አሥመራ ከገባሁ ገና አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከመሀል አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በከተማው ሞልቷል። የእኔውም አንዱ ነበር። መንገድ ቀያሽ ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን ከከረን ማዶ በድንኳን ያድራል፤ እኔ ደግሞ ቃሓውታ ሰፈር በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጣራ ስቆጥር እውላለሁ።

አገሩ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ጠዋት ጉሙ እስከ ደጃችን ድረስ ይመጣና ፀሐይ ብቅ ስትል ሹልክ ብሎ ይጠፋል። መንገዱ በቢስክሌት ደወል ይሞላል። ዳቦ ለመግዛት ኮት የሚለበስበት ከተማ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም። የጨነቀኝ ነገር ሰው ማጣቴ ነው። በአገሬ ከአጥር አጥር እየተጣራሁ ያደግሁ ልጅ፣ እዚያ ስደርስ ድምፄ ራሱ የጠፋብኝ መሰለኝ።

ግቢው ሁለት ቤት ነበረው። ፊት ለፊት ባለቤቲቱ አደይ ምሕረት፣ ጓሮው በኩል እኛ። «አደይ» እናቴ እንደ ማለት ነው፤ አሥመራ ውስጥ ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም። አደይ ምሕረት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ከበረዶ የነጣ ሴት ነበሩ። ሰላምታቸው አይጎድልም፤ ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ ግን ከአፋቸው አይወጣም። ስሜ ስንዱ መሆኑን እያወቁ «ሰበይቲ ጌታሁን» ነበር የሚሉኝ፤ የጌታሁን ሚስት። እኔም እያደር ገባኝ፤ ያኮረፉት እኔን ሳይሆን ከእኔ ጋር የመጣውን ነገር ነው። ቢሆንም ኩርፊያውን ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምቀበለው እኔ ነኝና ያመኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገባን ሳምንት፣ በሳህን ወጥ ልከውልኝ ሳህኑን በጣታቸው እየጠቆሙ «ጸብሒ፣ ጸብሒ» አሉኝ። ወጥ ማለት ነው። ከትግርኛ መጀመሪያ የያዝኩት ቃል እሱ ነው። በአራት ወር ውስጥ የለቀምኳቸው ቃላት አሥር ቢሞሉ ነው፤ ከአሥሩ ስምንቱ የሚበሉ ነገሮች ናቸው። ሆዳም ተማሪ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዶሮዋ ልምጣ። አደይ ምሕረት አንዲት ዶሮ ነበረቻቸው። ጥቁር መልኳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስላለባት ስሟ ዛግራ ነው፤ በእኛ ጅግራ እንደ ማለት። ከቃኘው የአሜሪካኖች ሰፈር በወጣ የጣውላ ሣጥን ውስጥ፣ በግቢው የበለስ ዛፍ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኛት ቦታ ታድራለች። ሴትዮዋ ለዛግራ የሚያወሩትን ያህል ለእኔ ቢያወሩልኝ አንድ መጽሐፍ ይወጣው ነበር። ጠዋት የዳቦ ፍርፋሪ ከእጃቸው ያስለቅሟታል፤ ከሰዓት ላባዋን ገልጠው ቅማል ይፈልጉላታል። ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈልጉም። እኔም በልቤ «ለፋሲካ እያደለቧት ነው፤ ዓይናቸውን ከድስቱ አይነቅሉም» ብዬ እስቅ ነበር።

በጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በሬ ተንኳኳ። አደይ ምሕረት ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ወንድማቸው ደቀምሓረ ሞተው ለለቅሶ ሊሄዱ ነው፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጃቸው አስረዱኝ። ከዚያ ወደ በለሷ ሥር ጠቆሙና «ሰበይቲ ጌታሁን፣ ዛግራን ዐደራ። እህል ስጪ፣ ማይ ስጪ» አሉ፤ ማይ ውኃ ነው። ቀጥሎም ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ አንድ ነገር ጨመሩ። እኔ የሰማሁት እንዲህ የሚል ነው፦

«እዛ ደርሆ ናይ ጸብሒ'ያ።»

ይህች ዶሮ የወጥ ናት። ከትግርኛዬ ሁሉ የማልሳሳትባት ቃል በመምጣቷ ደስ ብሎኝ «ገባኝ አደይ፣ ገባኝ!» አልኳቸው። በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አምነው ሰጡኝ። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ጓዛቸውን ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ስመለስ መንገዱን በእግሬ ሳይሆን በክንፌ የመጣሁ መሰለኝ።

የጥር ብርድ አሥመራ ላይ አጥንት ይሰብራል። ረቡዕ ወደ ማታ ዛግራ በሣጥኗ ውስጥ ላባዋን ነፍታ ሳያት አንጀቴ አልቻለም። የሰው አደራ በብርድ ይሞታል እንዴ? ብዬ ከነሣጥኗ አንሥቼ ማድ ቤቴ አስገባኋት። ከአሮጌ ፍራሽ ያወጣሁትን ገለባ ጎዘጎዝኩላት። ፎርኔሎው ላይ ከሰል አቀጣጠልኩ፤ ፎርኔሎ አሥመሬዎች የከሰል ምድጃን የሚጠሩበት ስም ነው። ከዚያ ሣጥኗን በብርድ ልብስ ሸፍኜ በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ከእኔ የተሻለ ባለአደራ የለም እያልኩ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ዛግራ አንገቷን ወደ ላይ መዝዛ፣ ምንቃሯን ከፍታ፣ አየር ትለምናለች። ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከደረቷ ውስጥ «ክርርር… ክርርር» የሚል ድምፅ ይወጣል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወደ ጥቁረት አድልቷል፤ ዓይኗ ግማሹ ተከድኗል። ውኃ አቀረብኩላት፤ አላየችውም። እናቴ ለጉንፋን የምትሰጠን ነጭ ሽንኩርት ትዝ አለኝና አንዷን ፍሬ ቆርሼ ባጎርሳት ይባስ አነቃት። በጣቴ ጎልጉዬ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ እኔም እንደሷ አፌን ከፍቼ መተንፈስ ጀመርኩ።

ችኩል መሆኔን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭንቅላቴ ወዲያው አንድ መንገድ ያዘ። ዶሮዋ የወጥ ናት፤ ሴትዮዋ በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። ዝም ብዬ ካየኋት በራሷ ጊዜ ትሞትና በክት ትሆናለች፤ በክት ደግሞ ለውሻ እንጂ ለሰው አይሆንም። ነፍሷ ሳትወጣ ከታረደች ግን ወጧ አይባክንም። እሠራዋለሁ፤ ቅዳሜ ከለቅሶ ደክመው ሲገቡ ድስቱን ይዤ በር ላይ እቀበላቸዋለሁ። «ስንዱ» ይሉኛል። በዓይነ ኅሊናዬ ሲያጎርሱኝ ሁሉ አየሁ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመርኩ። ያ ሁሉ እንባ ለሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም።

መክተፉ ሲያልቅ ግን ዋናው ነገር ቀረ፤ ማን ይረድልኝ? በእኛም በእነሱም አገር ሴት ዶሮ አታርድም። ባርኮ የሚያርድ ወንድ ያስፈልጋል፤ ወንዱ ደግሞ ከረን ማዶ መንገድ ይለካል። ከግቢያችን ትይዩ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ደግ ሰው ነበር፤ ሮጬ ሄድኩ። ሁኔታዬን አይቶ ሳቅ አለና «እኅቴ፣ እኔ እስላም ነኝ። ባርድልሽ እናንተ አትበሉትም። አቦይ ሃብቶም ጋ ሂጂ» አለኝ።

አቦይ ሃብቶም ማዕዘኑ ላይ ያሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ «አቦይ» አባቴ እንደ ማለት ነው። አማርኛቸውን የለመዱት ሱሪ ከሚያሰፉ የመሀል አገር ሹማምንት ስለነበር፣ የሚያውቁት አማርኛ ሁሉ የልብስ ነበር። መርፌያቸውን ኮታቸው ላይ ሰክተው፣ ቢላዋቸውን ይዘው ተከትለውኝ መጡ። ዶሮዋን ከሣጥኑ አውጥቼ ስሰጣቸው «እንታይ ኮይና፣ ምን ሆና? ትንፋሷ ጠበባት'ኮ» አሉ።

«ሳትሞት ይረዱልኝ፣ አቦይ።»

እጃቸውን ታጠቡ። ቢላዋውን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ዛግራን በለሷ ሥር አጋደሙ፤ ክንፎቿን በአንድ እግራቸው ረገጥ አድርገው ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ለመፈራገጥ እንኳ አቅም አልነበራትም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። «በስመ አብ ወወልድ…» ብለው ጀመሩና፣ መሀል ላይ ቆም አሉ።

«ደርሆይቱ የምሕረት አይደለችም?»

«የእርሳቸው ናት።»

«እረጂ አለችሽ?»

«የወጥ ናት ብለውኛል። ናይ ጸብሂያ።»

ቢላዋው አልተንቀሳቀሰም። ዞር ስል አቦይ ሃብቶም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው እያዩኝ ነው።

«እስኪ ድገሚው። እንዳለችሽ አድርገሽ።»

«ናይ… ጸብሂያ።»

«ጽንሒ፣ ቆይ። ጸብሒ ድያ ዝበለትኪ፣ ጽባሕ?» አሉና ለእኔ እንዲገባኝ ደገሙት፤ «ጸብሒ ወጥ ነው። ጽባሕ ነገ ነው። ናይ ጸብሒ'ያ የወጥ ናት። ናይ ጽባሕ'ያ የነገ ናት። የትኛውን አለችሽ?»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ረቡዕ ጠዋት አደይ ምሕረት ያሉኝን ቃል በጆሮዬ ውስጥ እንደገና ጠራሁት። ከጉሮሮ ሥር የሚወጣውን ያን «ሕ» የእኔ ጆሮ ሲያላምጠው ከረመ እንጂ፣ ድምፁ እዚያው ነበር። ጽባሕ'ያ። ዓይኔን ትክ ብለው እያዩ ነው ያሉኝ። ስለ ወጥ እንደዚያ ሆኖ የሚናገር ሰው የለም።

«የነገ… ማለት?» አልኩ፤ መሬት ተቀምጬ።

አቦይ ሃብቶም እግራቸውን ከክንፎቿ ላይ አነሡና ቢላዋውን ኪሳቸው ከተቱ። ዶሮዋን አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«ጫጩት ሳለች ያመጣት ክፍሎም ነው። ልጇ።»

ልጅ እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ወር ተቀምጬ!

«የት ነው ልጃቸው?»

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ የግቢውን ግንብ አዩ። «የለም። በመጣ ቀን ናት የምትታረደው። ጎረቤት መቼ ነው የምታርጃት ሲላት ምሕረት አንድ መልስ ነው ያላት። ጽባሕ። ጽባሕ ክመጽእ እዩ።» ነገ ይመጣል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባልሽ የመንግሥት ሰው ነው» አሉኝ።

«ጌታሁን መንገድ ነው የሚለካው፣ አቦይ።»

«መንገድ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ይኼን የሰማሽው ለደርሆ ነው። ከደርሆ ጋ ይቅር።»

በዚያ ዘመን የአንድ ጎረምሳ ከቤት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማድ ቤቴ ውስጥ በሳህን ሙሉ የተከተፈው ሽንኩርት ግን ዓይኔ ላይ መጣ። ያቺ እናት ከለቅሶ ስትገባ የልጇን ቀን በድስት ሠርቼ በር ላይ ልቀበላት ነበር። ለቅሶዬ ያኔ ነው የመጣው፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ገና አልተቀደደችም» አሉኝ ልብስ ሰፊው። «ሲኞር ፒኖ ጋ እንሂድ፤ ዶሮ ያውቃል።»

ዛግራን በዘንቢል አድርጌ ራሷን ብቻ ወደ ውጭ አስወጣሁላት። ሲኞር ፒኖ ኮምቢሽታቶ ከሚባለው ትልቁ ጎዳና ወዲያ ነበር የሚኖሩት። እኩለ ቀን ቀርቧል፤ ዘምባባዎቹ ሥር ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ዘንጧል። እኔ ደግሞ በማድ ቤት ቀሚሴ፣ በእንባና በሽንኩርት ዓይኔ አብጦ፣ «ክርርር» የምትል ዶሮ ይዤ መሀል ለመሀል አቋረጥኩት። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት የአንድ መኮንን ሚስት ሻሂ ከምትጠጣበት ጠረጴዛ «ስንዱ! ምነው፣ ገበያ ወጣሽ እንዴ?» ብላ ተጣራች። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው» ብዬ አለፍኩ። የሴትዮዋ ማንኪያ በእጇ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሲኞር ፒኖ በፒጃማቸው ላይ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጓሯቸው በዶሮ የተሞላ ሽማግሌ ጣሊያን ነበሩ። «ፖቬሪና፣ ፖቬሪና»፣ ምስኪን፣ ምስኪን እያሉ ዛግራን ተቀበሉኝ። ጀርባዋ ላይ ጆሯቸውን አስደግፈው አዳመጡ። ምንቃሯን ከፍተው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ። ከዚያ ላባዋን አሸተቱና አፍንጫቸውን ነፉ። «ፉሞ!»

«ጢስ» አሉ አቦይ ሃብቶም። «የት ነው ያደረችው ይላል።»

አሁን ማን ይናገር? ማድ ቤት፣ ከከሰል አጠገብ፣ በአቧራማ ገለባ ላይ፣ በብርድ ልብስ ታፍና። አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ አቦይ ሃብቶም በትግርኛ፣ የጎደለውን በጣሊያንኛ እየጠገኑ አቀበሉልኝ። ሽማግሌው ጣሊያን ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። የጩኸቱን ትርጉም አቦይ ሃብቶም አልነገሩኝም። «ትንሽ ተቆጣ» ብቻ አሉኝ።

ቁጣው እንዳለፈላቸው ግን እጃቸው ረጋ አለ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጣሉ። በላባ ጫፍ እየነከሩ በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ላይ የደረቀውን ቆሻሻ በቀስታ አራሱት፤ አራሱና በጨርቅ ጠረጉት። «ፒያኖ፣ ፒያኖ»፣ ቀስ በይ ይሉኛል፤ እኔ ምንም ሳልነካ። አንዱ ቀዳዳ ሲከፈት ዛግራ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ዶሮ ስታስነጥስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የጣፈጠኝ ድምፅ እሱ ነው።

ምክራቸው አጭር ነበር። ጢስና አቧራ አጠገቧ አይድረስ። ነፋስ የማይመታት፣ አየር ግን ያለበት ቦታ ትቀመጥ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ ላድርግላት። ውኃ በግድ አፏ ውስጥ እንዳላፈስ፤ በጣቴ ጫፍ ምንቃሯን ላርጥብ። ትተርፋለች ወይ? ብዬ ስጠይቅ ትከሻቸውን ሰበቁና «ዶማኒ» አሉ።

«ጽባሕ» ብለው ተረጎሙ አቦይ ሃብቶም። «ጠዋት ራሷ ውኃ ከጠጣች ድናለች።»

«ጽባ» አልኩ እኔ።

«ጽባሕ። ከዚህ፣ ከጉሮሮ ሥር።»

«ጽባህ።»

ሲኞር ፒኖም ሊረዱኝ ብለው «ጽባ፣ ጽባ» አሉ። ስንት ዓመት ኖረውበት እሳቸውም «ሕ»ን አልቻሏትም። አቦይ ሃብቶም ሁለታችንንም አይተው ተስፋ ቆረጡ።

ከሰዓቱን በለሷ ሥር ከዛግራ ጋር ተቀመጥኩ። ሣጥኗን አጥቤ በፀሐይ አደረቅሁ፤ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፍኩ። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ አሞቃለሁ፤ ጣቴን ነክሬ ምንቃሯን አረጥባለሁ። መሸት ሲል «ክርርር»ው ቢቀንስም አልጠፋም። ስለት ብሳል ምን ብዬ ልሳል? ለዶሮ ብዬ ማርያምን ማስቸገር አፍሬ «ለክፍሎም ብለሽ» አልኳት። አይቼው የማላውቀውን ልጅ ስም ጠርቼ የጸለይኩት ያኔ ነው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። ሣጥኑ ውስጥ ድምፅ የለም። ቀርቤ ለማየት እግሬ እምቢ አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጣሳውን ነካው፤ ቀስ ብሎ፣ ቆይቶ ደግሞ። ዛግራ ምንቃሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ወደ ሰማይ ቀና ትላለች፤ እንደገና ትነክራለች። አፏን ዘግታ ነው የምትተነፍሰው። እዚያው ጉሙ ውስጥ ቆሜ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ።

ቅዳሜ አደይ ምሕረት መጡ። ከእኔ ጋር ሰላምታ ከመለዋወጣቸው በፊት ወደ በለሷ ሄዱ፤ ዛግራን አዩ፤ ፊታቸው ረጋ አለ። ማን ይነግራቸዋል? ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር፤ ፎርኔሎውን ሊዋሱኝ ማድ ቤቴ ባይገቡ። ገቡ። ሁለት ቀን ያደረው የሳህኑ ሽንኩርት ጠውልጎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። በድንጋጤዬ መጣሉን ረስቼዋለሁ።

«እዚ ኩሉ ሽጉርቲ ስለምንታይ?» ይህ ሁሉ ሽንኩርት ለምንድን ነው?

ብቻዋን የምትበላ ሴት የሳህን ሙሉ ሽንኩርት ለምን ነው ብላ ትዋሻለች? ተናገርኩ። በአማርኛዬ፣ በአሥሯ ትግርኛዬ፣ በእጄ። ጸብሒ የመሰለኝን፣ ከሰሉን፣ ቢላዋውን፣ «በስመ አብ» መባሉን። የክፍሎምን ስም ብቻ አልጠራሁም። እሳቸው ግን የደረስኩበትን ከዓይኔ አነበቡት። ነገ ጓዛችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ እስኪሉኝ እጠብቃለሁ።

«ጸብሒ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ጸብሒ!» አሉና እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ሳቅ ነበር። ከዚያ ሴት ሳቅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እየሳቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ እየሳቁ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ነጠላው እዚያው ቆየ። ሳቁ መቼ ለቅሶ እንደሆነ አላወቅሁም። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እጄን ያዙኝ።

«ስንዱ» አሉኝ። «ስንዱ ጓለይ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

እሑድ ጌታሁን ከድንኳኑ ሲመጣ የዶሮዋን ነገር ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። የልጁን ነገር አልነገርኩትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጌታሁን ሰው የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ግን ከዶሮዋ ጋር ይቅር ተብዬ ነበር፤ ቀረ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ቀብሬው፣ ዛሬ ገና ለእናንተ መጻፌ ነው።

ምን ለወጠብሽ? ትሉኝ ይሆናል። ቀላል ነገር ነው። ከዚያ በፊት የገባኝ ከመሰለኝ «ገባኝ» እል ነበር። ሰው ቋንቋዬን ሲሰባብር እስቃለሁ፤ እኔ የሰው ቋንቋ ስሰባብር የምገድለው ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አደይ ምሕረት በየማታው ትግርኛ ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ እኔም ከሚበሉት ነገሮች ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ባለ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር «ስንዱ ጸብሒ!» እያለ ይጠራኝ ነበር። እንደዚያ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስም ያለው ሰው ሆንኩ ማለት ነዋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጌታሁን ወደ ጎንደር ተዛወረ። የምንነሣበት ቀን ጠዋት ዕቃው ማኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ልሰናበት ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ዞርኩ። አደይ ምሕረት ዛግራን በብብታቸው ይዘው በለሷ ሥር ቆመዋል። አጠገባቸው አቦይ ሃብቶም ቢላዋቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ክፍሎም አልመጣም።

«ሎሚ» አሉኝ አደይ ምሕረት፤ ዛሬ። «ጓለይ እየሄደች ነው። ዛሬ ትታረድ። በልተሽ ሂጂ።»

ከብብታቸው ተቀበልኳት። ሞቃለች፤ አፏን ዘግታ፣ ጸጥ ብላ ትተነፍሳለች። መሬት ላይ አስቀመጥኳት፤ ላባዋን አራግፋ ወደ ሣጥኗ ሄደች።

«ኣይፋልን አደይ» አልኩ፤ አይሆንም። «ናይ ጽባሕ'ያ።»

ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለችኝ «ሕ» ከጉሮሮዬ ሥር፣ ለቅሶዬ ከነበረበት ቦታ ወጣች። አቦይ ሃብቶም ቀና አሉ። ቢላዋቸውን ኪሳቸው ከተው «አሁን ልክሽ መጣ» አሉኝ፤ ሙሉ ልብስ ሰፍተው ያለበሱኝ ይመስል።

ልጁ ተመልሶ እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ነገር በመካከላችን አለፈ፤ መንገዱም ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከእናንተ መካከል የቃሓውታ ልጅ ካለና የአደይ ምሕረትን ግቢ ካወቀው፣ ክፍሎም መጥቶ እንደሆነ ይንገረኝ። እኔ እስከዚያው ዶሮ ወጥ በሠራሁ ቁጥር ሽንኩርቱን ከትፌ ስጨርስ እጄን ጠርጌ ትንሽ ቆም እላለሁ። ልጆቼ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሉኛል። እኔ በልቤ ያቺን «ጽባሕ» እላታለሁ፤ ዛሬም ልክ ትመጣለች።